ከምንጩ በላይ ያለው መሬት የማን ነው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከወሎ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ መጠጥ ውኃ ኮሚቴዎች ሥራ የሚጠይቁ በመሆናቸው ዓምዱን ለእነርሱ ሰጥተነዋል። የጠያቂዎቹን ስምና ቀበሌ ያልጠቀስነው ጉዳዮቹ ገና እልባት ያላገኙ በመሆናቸው ነው።

ጥያቄ፦ ከተሁለደሬ ወረዳ

«የቀበሌያችን ሕዝብ ከመረጠን ሰባት የውኃ ኮሚቴ አባላት አንዱ ነኝ። ምንጫችን ከጎለበተ፣ ማለትም ዓይኑ በግንብ ተከልሎ ቱቦ ከተገጠመለት፣ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ያኔ ስንረከበው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ50 ሰከንድ ይሞላ ነበር፤ ዘንድሮ በጥር ወር ስንለካው ግን 2 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ፈጀ። ከምንጩ በላይ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ፣ አንድ ጎረቤታችን ባሕር ዛፍ ተክሏል፤ አምና ደግሞ እዚያው አጠገብ መጸዳጃ ቤት ቆፈረ። ክረምት ሲገባ ውኃው ይደፈርሳል። ልናነጋግረው ስንሄድ ‹ምንጩ የሕዝብ ነው፤ መሬቱ ግን የእኔ ነው፤ የይዞታ ደብተሬ ይኸው› አለን። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የእርሱም ልጆች የሚጠጡት ይህንኑ ውኃ ነው። ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሎ ከፊሉ እንክሰሰው፣ ከፊሉ እንተወው ይላል። ምን ብናደርግ ይሻላል?»

መልስ፦

በመጀመሪያ ስለ ልኬቱ እናመስግንዎት። ብዙ ኮሚቴዎች «ውኃችን ቀነሰ» ብለው ይጽፉልናል፤ በስንት እንደቀነሰ የሚነግሩን ግን ጥቂቶች ናቸው። የእርስዎ ምንጭ ቀድሞ በሰከንድ 0.4 ሊትር ይሰጥ ነበር ማለት ነው፤ በአንድ ቀንና ሌሊት 34,560 ሊትር ይሆናል። መንግሥት በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር ባስቀመጠው ልክ፣ ማለትም ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ብለን ብናሰላው፣ ሌሊት የሚወርደው በማጠራቀሚያ እስከተያዘ ድረስ ከ1,380 ለሚበልጡ ሰዎች ይበቃል። በዛሬው ልኬት ግን በቀን የሚገኘው 13,824 ሊትር ብቻ ነው፤ ይህም ለ550 ሰዎች ያህል ነው። በስብሰባ ላይ «ቀነሰ» ከማለት ይልቅ ይህን ስሌት በቃል ቢያሰሙ፣ ጎረቤትዎም ሆኑ የቀሩት ተጠቃሚዎች ነገሩን በሌላ ዓይን ያዩታል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን በሙሉ በባሕር ዛፉ ላይ ከመጫንዎ በፊት አንድ ነገር ያጣሩ። በአካባቢው ከላያቸው ባሕር ዛፍ የሌለባቸው ሌሎች ምንጮች ካሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉንም ለኩ። እነርሱም በተመሳሳይ መጠን ቀንሰው ከሆነ የዝናቡ ማነስ ወይም ከላይ ያለው ተራራ መራቆት ድርሻ አለው ማለት ነው፤ የእናንተው ብቻ ከቀነሰ ደግሞ ዛፉን መጠርጠራችሁ ትክክል ነው። ባሕር ዛፍ ሥሩን አርቆና አጥልቆ የሚሰድ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማያራግፍና በበጋም ውኃ መሳቡን የማያቆም ዛፍ ስለሆነ፣ በምንጭ ራስጌ መትከሉ ምንጩን እንደሚያደክም በብዙ ቦታ ታይቷል። ሌላም መመርመር ያለበት ነገር አለ፤ የምንጩ ግንብ ተሰንጥቆ ወይም ሥር ወደ መውጫው ቱቦ ገብቶ ውኃው በጎን እየሾለከ ሊሆን ይችላል። ከግንቡ ግርጌ በበጋ የሚለመልም ሣር ካያችሁ የሚፈስ ውኃ አለና እዚያ ቆፍራችሁ እዩ። ጥገና ስታደርጉ ግን ውኃውን ከምንጩ ዓይን ከፍታ በላይ ገድባችሁ እንዳታቁሩት፤ ምንጭ ከፊቱ ግፊት ከበዛበት ወደ ሌላ ስንጥቅ ሸሽቶ ከነአካቴው ሊጠፋ ይችላልና።

አሁን ወደ መደፍረሱ እንምጣ፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ይህ ነው። የወሎ ደጋ አብዛኛው በባዝልት ድንጋይ የተሠራ ነው። በተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ በድንጋዩ ስንጥቆች ሰርጎ ወርዶ ውኃ የማያሳልፍ ሸክላ ሲያገኝ ወደ ጎን ይሄድና ምንጭ ሆኖ ይወጣል። አፈሩ ወፍራም በሆነበት ቦታ ውኃው እየተጣራ ስለሚወርድ ከክረምት እስከ በጋ ጥሩ ሆኖ ይቆያል፤ አፈሩ በታጠበበትና ስንጥቁ በተጋለጠበት ቦታ ግን የገጹ ጎርፍ ሳይጣራ በሰዓታት ውስጥ ምንጩ ላይ ይደርሳል። ዝናብ በዘነበ ማግስት የሚደፈርስ ምንጭ እንግዲህ ከላይ ካለው መሬት ጋር ቀጥተኛ መተላለፊያ እንዳለው እየነገራችሁ ነው። በዚያ መተላለፊያ ላይ መጸዳጃ ቤት ከተቆፈረ በጎርፉ መንገድ የሚመጣው አፈር ብቻ አይሆንም። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ወደ ሰፈር የሚገባው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

ባለፈው ሐምሌ በዚያው በእናንተው ወረዳ ሌላ ጎልብቶ የተሠራ ምንጭ ለማየት ሄጄ ነበር። ከላይ ሲታይ ግንቡ ጥሩ ነው፤ አጥሩም በእሾህ ተከብቧል። የማጣሪያ ሳጥኑን ክዳን ሲከፍቱልን ግን ቁልፉ ከጠፋ ቆይቶ በሽቦ ታስሮ ነበር፤ የትርፍ ውኃ ማስወጫው ቱቦም ወንፊቱ ወልቆ ከውስጡ እንቁራሪት ዘለለች። ጎርፍ መቀልበሻው ቦይ በደለል ሞልቶ ላዩ ላይ ገብስ ተዘርቶበታል። የዘራው ሰው ቦይ መሆኑን አያውቅም፤ የነገረው የለምና። ወደ ታች ወርደን ቦኖው ጋ ስንደርስ አንዲት ልጅ የቀዳችውን ውኃ ከፊቷ አስቀምጣ እስኪጠል ትጠብቅ ነበር። ጀሪካኗ ባዶ ቢሆን እንኳ እንዲህ አያሳዝነኝም ነበር።

ስለዚህ ኮሚቴያችሁ ሥራውን ከቦኖው ሳይሆን ከምንጩ ራስጌ ይጀምር። ከምንጩ ዓይን በላይ ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሜትር ድረስ ያለው ቦታ ታጥሮ ሰውም ከብትም የማይገባበት መሆን አለበት። ከአጥሩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ቦዩ በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ይጠረጋል። መጸዳጃ ቤት ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅና ከምንጩ በታች በኩል መሆን አለበት፤ በላይ በኩል የሚሆን ከሆነ 30 ሜትሩም አያስተማምንም፤ በተለይ እንደ እናንተ ምንጭ በዝናብ ማግስት የሚደፈርስ ከሆነ።

እንግዲህ «መሬቱ የእኔ ነው» ወደሚለው ጎረቤትዎ እንመለስ። ሁለታችሁም የያዛችሁት እውነት አለ። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የቤት ውስጥ ፍጆታን ከማንኛውም ሌላ የውኃ አጠቃቀም ያስቀድማል፤ ሕዝቡ ለመጠጥ ውኃው ቅድሚያ መጠየቁ መብቱ ነው። እርሱም በበኩሉ በደብተሩ የሰፈረ ሕጋዊ ይዞታ አለው፤ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ቢፈለግ እንኳ ያለ ካሳ እንዲወሰድበት ሕጉ አይፈቅድም፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የወጣው ይህንኑ ለመደንገግ ነው። «እንክሰሰው» የሚሉት አባላት ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። «እንተወው» የሚሉት ደግሞ በየክረምቱ የሚታመሙትን ሕፃናት ያስቡ።

በእኔ እምነት ትክክለኛው መንገድ ስምምነት ነው፤ ስምምነት ማለት ግን ሰውየውን በሕዝብ ፊት አቁሞ «እሺ በል» ማለት አይደለም። ባሕር ዛፉ ለእርሱ የባንክ ደብተሩ ነው፤ አጠናውን ሸጦ ማዳበሪያ ይገዛበታል፤ ልጅ ይድርበታል። ስለዚህ ዛፉ እስኪደርስ ተጠብቆ እርሱ ራሱ ይቁረጠውና ዋጋው የእርሱ ይሁን፤ ጉቶው ግን እንደገና ስለሚያቆጠቁጥ እንዲነቀል በውሉ ይገለጽ፤ የመንቀሉን ጉልበት ሕዝቡ በደቦ ይሸፍን። አዲስ ችግኝ የሚተክልበት ከተፋሰሱ ወጣ ያለ ቦታ ቀበሌው ይፈልግለት። የሚከለለው ቦታ ላይ የሚበቅለውን ሣር አጭዶ የመውሰድ መብቱ የእርሱ ብቻ ይሁን፤ ቀፎ ቢያኖርበትም ምንጩን አይጎዳም። በባሕር ዛፉ ምትክ እንደ ሾላና ዶቅማ ያሉ የአገር ዛፎች ከአጥሩ ዳር ይተከሉ። መጸዳጃ ቤቱን በተመለከተ፣ ሰውየው የሠራው ስለ ጽዳት ሲነገረው ሰምቶ ነውና አይወቀስበት፤ አዲሱን ጉድጓድ ኮሚቴው አስቆፍሮ፣ አሮጌው በአመድና በአፈር ተሞልቶ ይዘጋለት።

ይህን ሁሉ በሽማግሌዎች ፊት ተነጋገሩ፤ በእናንተ አገር አባጋሮች፣ ማለትም አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ከዚህ የከበደ ነገር አስማምተዋል። የተስማማችሁበት ግን በጽሑፍ ይስፈር። አንዱ ቅጂ ለቀበሌው የመሬት አስተዳደር፣ አንዱ ለኮሚቴው፣ አንዱ ለባለይዞታዎቹ ይሰጥ። ባለይዞታዎች ያልኩት በምክንያት ነው፤ በክልላችን የባልና ሚስት ይዞታ በደብተሩ ላይ የሚመዘገበው በሁለቱም ስም ስለሆነ ሚስቱ ያልፈረመችበት ውል ነገ ይፈርሳል። ደግሞም ስለ ውኃው ከእርሱ ይልቅ የምታውቀው እርሷ ናት፤ እስካሁን ያነጋገራችሁት እርሱን ብቻ ከሆነ ዛሬውኑ ሄዳችሁ እርሷንም አነጋግሯት።

ጥያቄ፦ ከመቄት ወረዳ

«የውኃ ኮሚቴያችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። በየወሩ ከየቤቱ ክፍያ ስሰበስብ ‹ውኃ የፈጣሪ ነው፤ በምን አፋችሁ ትሸጡልናላችሁ› ይሉኛል። ጥበቃው ሦስት ወር ስላልተከፈለው ሥራውን ሊተው ነው። ወንዶቹ አባላት ስብሰባ ስጠራ አይመጡም፤ ገንዘቡ ሲጎድል ግን የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

መልስ፦

እኅታችን፣ ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ እስካሁን ልረሳው አልቻልኩም። «ውኃ የፈጣሪ ነው» የሚሉት አልተሳሳቱም፤ በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው፤ ከአንድ ምንጭ አንዱ ውዱእ ያደርጋል፤ ሌላው ጸበል ይቀዳል። ስለዚህ አይከራከሯቸው። ይልቁንስ በዓመቱ ውስጥ የወጣውን በዝርዝር ያንብቡላቸው፤ የቦኖ ራስ ስንት ጊዜ ተቀየረ፣ ለጎማው ስንት ተከፈለ፣ ለቧንቧ መጋጠሚያው፣ ለክሎሪኑ፣ ለጥበቃው ስንት ወጣ የሚለውን። ክፍያው የእነዚህ ነገሮች ዋጋ መሆኑን ሲሰሙ የሚቃወም ሰው ይቀንሳል።

የሚያነቡበት ቦታ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህ ቅሬን፣ ማለትም የመረዳጃ ዕድሩን፣ የሚተካ ቦታ አላውቅም። ሰው በቅሬው ገንዘብ ላይ አይጨቃጨቅም፤ በየወሩ ፊት ለፊት ተቆጥሮ፣ የወጣው ተነግሮ፣ የቀረው ታይቶ ስለሚዘጋ ነው። የውኃውም ሒሳብ በዚያው ስብሰባ፣ ከቅሬው ሒሳብ ቀጥሎ፣ ጮክ ብሎ ይነበብ። የመሰከሩት ሦስት ሰዎች በመዝገቡ ላይ ይፈርሙ። ገንዘቡንም በቤትዎ ሣጥን አያስቀምጡት፤ በኮሚቴው ስም በባንክ ወይም በቁጠባ ተቋም ሒሳብ ይከፈትና ወጪ የሚደረገው በሦስት ፊርማ ይሁን፤ ያኔ ቢጎድል የሚጠየቁት እርስዎ ብቻ አይሆኑም።

መክፈል የማይችሉ ቤቶችን ግን ከወዲሁ ለይታችሁ በስብሰባ ነጻ አድርጓቸው፤ አቅመ ደካማ አሮጊት ከቦኖ ስትመለስ ማየት የትኛውንም ኮሚቴ ያሳፍራል። ወንዶቹን አባላት በተመለከተ፣ ሦስት ስብሰባ በተከታታይ ያለ ምክንያት የቀረ አባል በጠቅላላ ጉባኤ እንዲተካ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ጻፉት። በምትካቸውም ሴቶች ይመረጡ። ውኃው በተቋረጠ ቀን ርቃ የምትሄደው ማን እንደሆነች መቼም ሁላችንም እናውቃለን።

ጥያቄ፦ ከለጋምቦ ወረዳ

«ምንጫችን ገና አልጎለበተም። ውኃው ግን ጥሩና ቀዝቃዛ ነው። እንዲሁ ብንጠጣው ምን ይለዋል?»

መልስ፦

እኔ ያደግሁት በኩታበር አካባቢ ነው፤ እናቴ ከእንዲህ ዓይነቱ ጥሩ ምንጭ የተቀዳውን ውኃ አልቅት እንዳይኖርበት በነጠላዋ ጫፍ እያጠለለች ታጠጣን ነበር። አልቅቱ ይቀር ነበር፤ ተቅማጡ ግን አልቀረም፤ በሽታ አምጪው ተሕዋስ በነጠላ አይያዝምና። የውኃ ጥራት በዓይን አይለይም። ስለዚህ አፍልታችሁ ጠጡ። እናንተ ያላችሁበት ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ በዚህ ምክንያት መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ። ማገዶ ካጠረ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የውኃ ማከሚያ ክሎሪን ወስዳችሁ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ ውኃው ከደፈረሰ አስቀድማችሁ አጥልሉት። ምንጩ እስኪጎለብት ድረስም ከብቶች በሌላ በኩል ይጠጡ ዘንድ ገንዳ ከታች አብጁላቸው።

ጥያቄ፦ ከቃሉ ወረዳ፣ ከኮምቦልቻ አቅራቢያ

«ከቦርከና ወንዝ ዳር አሥራ አምስት እርምጃ ርቆ የእጅ ጉድጓድ አለን። ከጊዜ ወዲህ ውኃው ይሸታል፤ ልብስ ሲታጠብበትም ቀለሙን ይለውጣል። ክሎሪን ጨመርንበት፤ ለውጥ የለም። ለማን አቤት እንበል? እኛ ተራ ኮሚቴ ነን፤ ማን ይሰማናል?»

መልስ፦

ከሁሉ አስቀድሞ ያንን ጉድጓድ ለመጠጥ መጠቀም ዛሬውኑ አቁሙ። ክሎሪንም ሆነ ማፍላት ተሕዋስን ይገድላሉ እንጂ ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚመጣ ኬሚካልንና ብረትን አያስወግዱም፤ እንዲያውም ውኃው ሲፈላ እየተነነ ስለሚሄድ በቀረው ላይ የኬሚካሉ መጠን ይጨምራል። ቦርከና ደሴንና ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ አዋሽ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ በኮምቦልቻ በሚገኙ ገባሮቹ ላይ የተካሄዱ ጥናቶችም ከፋብሪካ ፍሳሽ የመጣ ክሮሚየም የተባለ ከባድ ብረት መኖሩን አሳይተዋል። ለመጠጥ ውኃ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው የክሮሚየም ጣሪያ በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ነው። የእናንተ ጉድጓድ ምን ያህል እንዳለው የሚታወቀው በላቦራቶሪ ብቻ ስለሆነ በወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት በኩል ናሙና እንዲወሰድ በደብዳቤ ጠይቁ፤ የክሮሚየምና የሌሎች ከባድ ብረቶች ምርመራ እንዲደረግ በግልጽ ጻፉት፤ ካልጻፋችሁት የሚመረመረው የተሕዋስ ብክለት ብቻ ሊሆን ይችላል።

«ማን ይሰማናል» ስላላችሁት፣ ሕጉ ከምትገምቱት በላይ ከእናንተ ጋር ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ በግሉ ጉዳት ደርሶብኛል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት ባደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል ወገን ላይ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጠዋል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። «ተራ ኮሚቴ» የሚባል ነገር በአዋጁ ውስጥ የለም።

አቤቱታው እንዲያዝላችሁ ግን ከአሁን ጀምሮ መዝገብ ያዙ። ውኃው የሸተተበትን ቀንና ሰዓት፣ የወንዙን መልክ፣ ፍሳሹ የሚለቀቀው በሌሊት ይሁን በቀን፣ በዚያ ሳምንት የታመሙ ሰዎችና ከብቶች ካሉ ቁጥራቸውን በየቀኑ ጻፉ፤ ከቻላችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የትኛው ፋብሪካ ነው የሚለውን እናንተ አትፍረዱ፤ እርሱን መርማሪው ያጣራዋል፤ እናንተ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅታችሁ ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በሁለተኛው ቅጂ ላይ የተቀበላችሁ ክፍል ማኅተሙንና ቀኑን እንዲያሳርፍበት አድርጉ፤ 30ው ቀን መቆጠር መጀመሩን የምታስረዱት በዚያ ቅጂ ነው።